የቱ ይበልጣል?

መምህርት ተሾመች አስራ ሁለተኛውን ደብተር ስትገልጥም ያው ነው፤ «9 ይበልጣል። ቲቸር ስላለች።» አስራ ሦስተኛውም እንደዚያው። ትናንት ሰሌዳው ላይ የጻፈችው «ከ6 እና ከ9 የቱ ይበልጣል? ለምን?» የሚል ነበር። ቁጥሩን ሁሉም አግኝተውታል፤ ምክንያቱን ግን የሁለተኛ ክፍል ልጆች ተማክረው ለእሷ የተዉላት ይመስላል።

የሒሳብ ማስታወሻ ደብተር የሚባለውን ነገር ከሥልጠና ይዛ የመጣችው ራሷ ናት። ልጆቹ በየቀኑ አንድ ጥያቄ ይሰጣቸውና ያሰቡትን በራሳቸው ቃል ይጽፋሉ። ዛሬ ይህን ለማየት ከወረዳ እንግዶች ይመጣሉ፤ ርዕሰ መምህሩ አቶ አምሳሉም አንድ የሚያኮራ ደብተር እንድትመርጥ አዘዋታል። ልጆቹ ገና ሰልፍ ላይ ናቸው።

የሚያኮራ ነገር ፍለጋ ገጾቹን ወደ ኋላ ስታገላብጥ ኢቲሳም የዛሬ ሳምንት የጻፈችው ላይ ደረሰች። የዚያን ቀን ጥያቄው ስለ 3 እና ስለ 8 ነበር። «3 ይበልጣል። አባቴ 8 ዓሣ ሲይዝ ይሸጠዋል። 3 ሲሆን እኛ እንበላዋለን» ይላል በተንጋደደ ፊደል። ከጎኑ ትልቅ ቀይ ኤክስ አለበት። ተሾመች ያን ዕለት ጮክ ብላ አንብባው፣ ሦስት የሚበልጥበት አገር የት ነው ብላ ስቃ ነበር። ክፍሉም አብሯት ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ማንም ምክንያት አልጻፈም። አሁን ነው ያስተዋለችው።

በሩ ላይ ሰው አጎነበሰ። የኢቲሳም አባት ሰዑድ ነው፤ ከሐይቁ በቀጥታ በመምጣቱ የሱሪው ጫፍ ገና አልደረቀም። እንዲቀመጥ ብትለምነውም እዚያው ቆመ።

«ቲቸር፣ ልጄ የቤታችንን ጉዳይ ደብተር ላይ ጽፋ አስቸገረችዎት አሉ። ልጅ ናት፤ አፉ ይበሉን።»

«ምን አለችዎት?»

«ትናንት ሦስት ብቻ ነበር የያዝኩ። ሽጠው አለችኝ። ለሦስት ዓሣ ነጋዴ አይመጣም ብላት፣ ሦስት ትንሽ ነው፣ ቲቸር ታውቃለች ብላ ሳትበላ ተኛች። ወላሂ እንደሷ ዓሣ የሚወድ የለም።»

ተሾመች መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት ወደደች። እሷ የጠየቀችው የቱ እንደሚበዛ ነው፤ ልጅቱ የመለሰችው የቱ እንደሚሻል። «ይበልጣል» ሁለቱንም ይላል፤ ሃያ ዓመት ያስተማረች መምህርት ይህን ሳታይ ቀርታ በሰባት ዓመት ልጅ ሳቀች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሽ ሰዑድ። እሷ ምንም አላጠፋች» አለችው።

ሰዑድ ግን ለትህትና ያለችው መሰለው። ደግሞ ደጋግሞ ይቅርታ ጠይቋት ሄደ። ይህ ከሁሉም ባሰባት።

ልጆቹ ሲገቡ ኢቲሳምን ለብቻዋ ጠርታ ጎንበስ አለች።

«ይህን ለእንግዶቹ ላሳያቸው?»

ኢቲሳም ቀዩን ኤክስ አየችው። «ይስቁብኛል» አለች ቀስ ብላ።

ቀድማ የሳቀችባት ተሾመች ራሷ ናት። ደብተሩን መለሰችላትና ጠመኔ አነሳች። ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ጻፈች፦ «ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ በጻፈው ሳቅሁ። አጠፋሁ። ለምን? ጥያቄዬ ሁለት ትርጉም ነበረው፤ ልጁ ያየውን እኔ አላየሁም።» ልጆቹ ፊደሉን እየቆጠሩ ማንበብ ጀመሩ። ኢቲሳምም ታነብ ነበር።

አቶ አምሳሉ እንግዶቹን ደጅ አቁመው ገቡ። ሰሌዳውን አይተው ደነገጡ።

«ኧረ በይ ቶሎ አጥፊው፤ ሰዎቹ ደርሰዋል» አሉ በጆሮዋ።

ተሾመች ዳስተሩን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወደ በሩ ሄዳ እንግዶቹን እንዲገቡ ጋበዘቻቸው።