ያልተዘለለው ክኒን

ልብስ ሰፊው ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነበር። ረቡዕ ያለው ልብስ ረቡዕ ይደርሳል። ደንበኞቹም «ሰዓት የጠፋበት እሱን ይጠይቅ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አንድያ ልጁን በስድስት ዓመቷ የደም ካንሰር ሲይዛት ሕመሙንም የገጠመው በዚሁ ጠባዩ ነው። ሐኪሟ «ክኒኑ አንድ ቀን እንኳ እንዳይቋረጥ» ስላለችው፣ ከስፌት መኪናው በላይ ወረቀት ለጥፎ የዋጠችበትን ቀን ሁሉ በእርሳስ ምልክት ያደርግ ነበር።

መጀመሪያ ተሻላት። ፀጉሯ በቀለ፤ «አባዬ፣ ቀሚሴ አጠረኝ» ብላም ጫፉን አስለቀቀችው። ከጊዜ በኋላ ግን አፏ ቆሰለ፤ ጉልበቷም ከዳት። አንድ ቀን ጠዋት ክኒኑን ይዞ ሲመጣ እናትየው እጁን ያዘችው።

«ዛሬን ተዋት፣ በሞቴ። እንዲህ ያደረጋት በሽታው አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው። ወስደን እናሳያት።»

«ቀጠሮዋ የፊታችን ሳምንት ነው። ከሐኪሟ አንቺ ታውቂያለሽ? በአጉል ርኅራኄ ልጄን አልገድልም።»

ክኒኑን በማር በጥብጦ አስዋጣት። ቀጠሮዋ ሳይደርስ ትኩሳት ጣላት፤ በደሟ ውስጥ በሽታ የሚከላከል ነገር አልቆ ነበርና ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን አረፈች። የደሟ ናሙና ለምርምር እንዲቀመጥ ሲጠየቅ አባትየው ፈረመ። እናትየው ስለዚያች ጠዋት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ከአራት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲው ስለ ሕፃናት ካንሰር ምርምር ጉባኤ ጠራ፤ እሱም ቤተሰቦችን ወክሎ እንዲናገር ተጋበዘ። ሚስቱን አብረን እንሂድ ቢላት፣ «አንተ ሂድ። እኔ በልጄ ጉዳይ ጭብጨባ መስማት አልችልም» አለችው።

ከፊት ወንበር አስቀመጡት። ማይክሮፎኑ ሁለቴ ከጮኸ በኋላ አንድ ወጣት ተመራማሪ ተነሣ። አንዳንድ ልጆች፣ አለ፣ ሰውነታቸው በተፈጥሮው ለደም ካንሰር የሚሰጠውን ይህን ክኒን ፈጭቶ ማስወገድ አይችልም። ለሌላው ልጅ መድኃኒት የሆነው መጠን በእነሱ ላይ እየተጠራቀመ መቅኒያቸውን ያደርቀዋል። ከተቀመጡት መቶ አሥራ ሁለት ናሙናዎች ሦስቱ እንዲህ ሆነው ተገኝተዋል። ሁለቱ ልጆች ተርፈዋል። ከእንግዲህ ማንኛውም ልጅ ክኒኑን ከመጀመሩ በፊት ይመረመራል።

አዳራሹ አጨበጨበ። ልብስ ሰፊው ዘወር ሲል ሐኪሟ ዓይኗን እሱ ላይ ተክላ አያት። በሻይ ሰዓት እሷው መጣች።

«ሦስተኛዋ የኔዋ ናት፣ ዶክተር?»

«ናት። ያወቅነው ባለፈው ወር ነው። ቤትዎ መጥቼ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር፤ ፈራሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ያን ቀን ባልሰጣት ኖሮ?»

«አንድ ክኒን ብቻውን አያድናትም ነበር። ያን ቀን ይዘዋት ቢመጡ ግን… ምናልባት። ትተርፍ ነበር ብዬ አልምልም፤ አትተርፍም ነበር ብዬም አልዋሽዎትም።»

ተራው ሲደርስ ያዘጋጀውን የምስጋና ንግግር ከኪሱ አላወጣውም።

«መድኃኒት ማክበር ጥሩ ነው» አለ። «ግን እናት ‹ልጄን መድኃኒቱ ጎዳት› ስትላችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። ያኔውኑ የልጇን ደም እዩ። እኔ ተነግሮኝ ነበር። አልሰማሁም።»

ወርዶ ሲቀመጥ ማንም አላጨበጨበም።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር። ቆሞ የሰማውን ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀር፣ ነገራት። መጨረሻ ላይ «ልክ ነበርሽ» አላት።

ሚስቱ የያዘችውን አንሶላ ወደ ሳፋው መለሰችው።

«ልክ መሆኔ ምን ፈየደላት? ከእጅህ ነጥቄ መጣል እችል ነበር። አቅፌያት መሮጥ እችል ነበር። ተቆጣኸኝና ዝም አልኩ።»

«አራት ዓመት ሙሉ የምትወቅሺው እኔን መስሎኝ።»

«አንተንማ ወቅሼሃለሁ። ራሴን ግን ይብስ።»

ቀጥላም ጠየቀችው፦ «ሁለቱ ልጆች ተርፈዋል ነው ያልከኝ?»

«ተርፈዋል። አንደኛው ትምህርት ቤት ገብቷል አሉ።»

«እሰይ» አለች፤ በጓሮው በር ደረጃ ላይ ተቀምጣም አለቀሰች። ልጃቸው ከተቀበረች ወዲህ እሱ ፊት አልቅሳ አታውቅም ነበር። አጠገቧ ተቀመጠ። እጇን ያዘ፤ እሷም አልከለከለችውም።