ያልተገኙት የትራፔያንግ ስቫይ ልጆች

ሥራዬ የአንጎል ትኩሳት የያዛቸውን ልጆች ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ቤታቸው ሄዶ ማየት ነው። በስልሳ ቀን ውስጥ ያልተገኘ ልጅ ከቁጥር ይሰረዛል። ከትራፔያንግ ስቫይ መንደር በሦስት ዓመት አምስት ልጆች ተሰርዘዋል። ቢሮ ቁጭ ብዬ ለመንደሩ ሊቀመንበር ደውዬ፣ «በዚህ ስም ልጅ የለም» ሲለኝ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ መንደሩ በካርታችን ላይ ነጭ ነው፤ በሽታው የለበትም ማለት ነው። ክትባቱ ደግሞ ከዝናቡ በፊት የሚሄደው ቀይ ወደሆኑት መንደሮች ብቻ ነው።

ለስድስተኛዋ ስደውል የሊቀመንበሩ ስልክ ዝግ ሆነ። እየተነጫነጭኩ በሞተር ሄድኩ።

የልጅቷ አያት ዬይ ሂም በምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ ከቆመው ቤታቸው ሥር ለአሳማዎቻቸው ፉርሽካ እየሰጡ ነበር። ስምንት ወር የሆነው የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ተኝቷል።

«ሶኩንቲያ የምትባል ልጅ ፈልጌ ነበር፣ ዬይ።»

«እንደዚያ የምትባል ልጅ እዚህ የለችም።»

ወደ ቤቱ በሚያስወጣው መሰላል ላይ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ ታጥፎ ቀርቷል፤ ለሃጯ ይወርዳል።

«ይህችስ?»

«እሷማ ቶች ናት።»

ያን ጊዜ ገባኝ፤ በራሴም አፈርኩ። በእኛ ዘንድ የታመመ ልጅን በፊተኛ ሕይወቱ የወለደችው እናት ልትወስደው ትመጣለች ይባላል፤ ፈልጋ እንድታጣው ስሙ ይቀየራል። እኔም በሰባት ዓመቴ ታምሜ ስሜ ተቀይሯል። ከቢሮው ሰው ሁሉ ይህን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

«ዬይ፣ በአዲሱ ስም ብጽፍ ከሆስፒታሉ መዝገብ ጋር አይገጥምም። ትሰረዛለች። ክትባቱም ለዚህ ሕፃን አይመጣም።»

«ቅድም ጮክ ብለህ የጠራኸው አይበቃህም? የጤና ሰው ነህ ወይስ የዚያች ሴትዮ መልእክተኛ?»

«ከእንግዲህ አልጠራውም። እዚህ ተጽፏል፤ እሷ መሆኗን በጣትዎ ብቻ ይፈርሙልኝ።»

ሕፃኑን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቶችን አቅፈው ወደ ውስጥ አስገቡ፤ በሩን ዘግተው ተመለሱና መሰላሉ ላይ ተቀመጡ። ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው ስሙ ላይ ተጫኑ።

«ያቺ ሴትዮ ሰምታ ከመጣች፣ በእኔ ላይ ተራምዳ ትግባ» አሉ።

በማግስቱ ስማቸው ተቀይሮ የተሰረዙትን የአምስቱን ልጆች ቤት እየመሩ አሳዩኝ። መንደሩ በካርታው ላይ ሲቀላ አለቃዬ በሽታው ባንዴ ተባባሰ ብሎ ደነገጠ። አልተባባሰም፤ ያው የነበረው ነው አልኩት።

ክትባቱ ዝናቡን ቀድሞ ደረሰ። ዬይ ሂም ሕፃኑን አዝለው ከሁሉ ፊት ተሰለፉ። ከታቢዋ የልጁን ስም ጠየቀቻቸው።

«ሳምናንግ!» አሉ፣ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ። «ሳምናንግ ብለሽ ጻፊ። የዚህን አልቀይረውም።»