ጠቅላይ ሳያጸድቅ

የሆቴል ክፍሎች የሚያድስ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራ አስኪያጃችንን ከኋላው «ጠቅላይ» እንለዋለን፤ ያለ እሱ ፈቃድ ሚስማር እንኳ ሲመታ አይወድም። ፊቱ ስንቆም ግን «ጋሼ» ነው፤ የእንጀራ ነገር።

ታላቅ እህቴ፣ እታለም፣ እዚሁ የሥራ አስተባባሪ ነበረች። ያለፈው ሆቴል ዘግይቶ ሲያልቅ ጠቅላይ ጥፋቱን በእሷ አላክኮ አስባረራት። የዘገየው እሱ የሰድር ምርጫውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶት ነው። ብትናገርም ሰሚ አላገኘች። ከሁሉ የከፋው እናታችን አለማመኗ ነበር። «ሰው በባዶ ሜዳ አይባረርም» እያለች፣ አብረው በሚኖሩበት ቤት፣ ፊት ነሳቻት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የተወጋ ሰው እህትም አትረሳም። ቂሜን ቋጥሬ ቀኔን ጠበቅሁ።

የድርጅቱ ባለቤት፣ ወይዘሮዋ፣ ለአዲሱ ሆቴል የፕሮጀክት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ገዙ። በእህቴ ቦታ አስተባባሪ የሆንሁት እኔ ስለነበርሁ ማዋቀሩ ለእኔ ደረሰኝ። ሥራውን በየክፍሉ ከፋፈልሁት፤ ማፍረስ፣ ቧንቧ፣ ሰድር፣ ቀለም፣ በር። ለእያንዳንዱ ሥራ በሶፍትዌሩ ቦርድ ላይ አንድ ካርድ ከፍቼ ሠሪውን፣ ቀኑንና የትኛውን ሥራ እንደሚጠብቅ ሞላሁ። ጠቅላይ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

«እኔ ሳላጸድቅ አንድም ካርድ እንዳይንቀሳቀስ!»

«የቀለሙም ጋሼ?»

«የቀለሙም፣ የበር እጀታውም። እንዲያውም ትእዛዜን በስሜ ከላይ ለጥፊው፤ ሁሉም ይየው።»

ለጠፍሁት። ቃል በቃል እንዳለውም አዋቀርሁት። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ፈቃድ እንዲጠየቅ እንጂ መልስ መስጠት አይወድም።

ብዙም ሳይቆይ ካርዶቹ «የሥራ አስኪያጁን ፈቃድ የሚጠብቁ» በሚለው ረድፍ ይከመሩ ጀመር። ቀለም ቀቢው ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠበት። «ከግድግዳው ጋር ተፋጥጠናል» አለኝ። ቧንቧ ሠራተኛው ደግሞ «ማጠቢያው ገብቷል፤ ውሃው ነው ፈቃድ ያጣው» ብሎ አሳቀን። እኔ በየቀኑ ለጠቅላይ ማስታወሻ እልካለሁ። እሱ በየቀኑ «አየዋለሁ» ይላል። ሆዴ ውስጥ ግን ሠርግ ነበር።

የሆቴሉ ሰዎች ተቆጥተው መጡና ስብሰባ ተጠራ። ጠቅላይ የለመደውን ጀመረ። «አስተባባሪዋ ናት ያጓተተችው» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

የሶፍትዌሩን ቦርድ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበራሁት። ካርዱ ሁሉ አንድ ረድፍ ላይ ተከምሯል፤ ሥሩም የሚያጸድቀው ሰው፣ የጠቅላይ ፎቶ አለ።

«ማን ነው እንዲህ ያዋቀረው?» አሉ ወይዘሮዋ።

«እኔ ነኝ። ትእዛዙ ከላይ አለ።»

ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ። «ያለፈው ሆቴልስ?»

ጠቅላይ ግድግዳው ላይ የበራውን ፎቶውን አየ። «የሰድሩ ምርጫ… እኔ ዘንድ ትንሽ ቆይቶ ነበር።»

ወይዘሮዋ ሥራውን እንዲያስረክብ፣ እህቴም እንድትመለስ አዘዙ። ለሌላ ሰው ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ለእኔ አልበቃኝም።

«መጀመሪያ ጋሼ ራሳቸው ይደውሉላት» አልሁ። «እዚሁ፣ ሁላችን እየሰማን።»

ወይዘሮዋ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠቅላይ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ደወለ። እታለም አነሳች።

«ያለፈው ሆቴል የዘገየው በእኔ ጥፋት ነው» አላት። «በአንቺ ያላከክሁት እኔ ነኝ።»

በስልኩ ውስጥ የእግር ኮቴ፣ የበር ድምፅ ተሰማ። «እማዬ፣ ነይ ስሚ። የድሮ አለቃዬ ነው። እስቲ ድገመው።»

ደገመው።

«አልሰማሁም፤ ጮክ በል» አለች እናቴ። ጎረቤት ሲያንሾካሹክ የምትሰማ ሴት!

ጮኾ ደገመው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«ታዲያ ልጄን ያን ሁሉ ጊዜ ስገላምጣት የከረምሁት በአንተ ውሸት ነው?» አለች እናቴ፤ ማልቀስ ጀመረች።

ጠቅላይ ስልኩን ሊዘጋ እጁን ሰደደ። ቀደምሁትና አንስቼ ወደ አፉ አስጠጋሁለት።

«ዝም አይበሉ ጋሼ» አልሁት። «እናቴ መልስ እየጠበቀች ነው።»