በአንዴ ነው የምከፍለው

ልብስ ሰፊዋ ዕዳ በየወሩ እየቆረጠመ ሲበላት አትወድም። ቤቷን አስይዛ የስፌት መኪና መግዣ ከባንክ ተበድራለች፤ ባንኩ የወሩን ክፍያ ከሒሳቧ ራሱ ይቆርጣል። አንድ ቀን ብድግ ብላ ሄደችና «ሒሳቤን ዝጉልኝ» አለች። ብድር ያለበት አይዘጋም ሲሏት ያለውን ብር ሙልጭ አድርጋ አወጣች። ቤት ወስዳ ልታጠራቅም፣ ሲሞላ በአንዴ ልትወረውርላቸው ነው። ማንን አማከረች? ማንንም። ባንኩ ሲደውል «ገና አልሞላም» ትልና ጆሯቸው ላይ ትዘጋለች።

ከወራት በኋላ ከገበያ ስትመለስ በሯ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ሴት ልጇ ቆማ ታነባለች።

«ምን ይላል?»

«ቤቱ በጨረታ ሊሸጥ ነው ይላል።»

«የማን ቤት?»

«የኛ ነዋ፣ እማ። የሰው ቤት ሊሸጡ እኛ በር ላይ ይለጥፋሉ?»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ልጆቿን የወለደችበት፣ የባሏን አስከሬን የሸኘችበት ቤት ነው።

ብሩን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ልጇን አስከትላ ባንክ ገባች። የብድር ሠራተኛው ቆጠረ፣ ደመረ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«እማማ፣ ይሄ የተዘለሉትን ወራትና ቅጣቱን ይሸፍናል፤ የተወሰነም ይተርፋል። ብድሩን ጨርሶ ለመዝጋት ግን አይበቃም።»

«ቀድሜ ልጨርስላችሁ ብዬ እኮ ነው!»

«ቀድሞ መጨረስ ይቻላል። የየወሩን ሳያቋርጡ፣ ትርፍ ሲያገኙ ከዋናው ዕዳ ያስቀንሳሉ። መጨረሻ ላይ ቀሪው ስንት እንደሆነ ጠይቀው ይከፍላሉ፤ ዕዳ የለባትም የሚል ወረቀትና የቤትዎን ካርታ ይረከባሉ። ሒሳቡም ያኔ ይዘጋል።»

«እኔ ብሩን ሳወጣ እናንተ ምን መሰላችሁ?»

«አልከፍልም ያሉ መሰለን።»

እንደ ሌባ መታየቷ ከጨረታው እኩል አንጀቷን ቆረጠው። «ግማሽ ከፍዬ አልሄድም፤ ወይ ሁሉንም ወይ ምንም» ብላ ጥቅልሉን ወደ ራሷ ሳበች።

ልጇ እጇን ያዘቻት። «እማ፣ ኩራትሽን ብንከራየው ማደሪያ አይሆነንም።»

ለቀቀች። ያለፈውን ከፈለች፤ የተረፈው ከዋናው ተቀነሰ። ሠራተኛው ጨረታው እንደሚሰረዝ ነገራት።

ቤት ሲደርሱ አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ ግድግዳዋን በሜትር ይለካል።

«ጨረታው ቀርቷል» አለችው።

«እኔ አልሰማሁም፣ እትዬ። የጓዳው ስፋት ስንት ነው?»

ልጇ ባንክ ደውላ ስልኩን ሰጠችው። ሰውዬው አዳመጠ፣ ሜትሩን ጠቀለለ። ሲወጣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና «ቤቱ ጥሩ ነው። ካርዴን ልተውልዎት፣ ምን ይታወቃል» አለ።

ሄደ። እሷ ግን በሩን ቆልፋ እንደገና ሞከረችው። አሁን የወር ክፍያው ሊደርስ ሲል እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ባንኩ ሳይከፈት በሩ ላይ ናት። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ሠራተኛው ገንዘቡ መግባቱን ጮክ ብሎ እስኪነግራት ንቅንቅ አትልም።