የጉምሩክ አፍንጫ

አናጺው ማታ ከሥራ ሲመለስ ቤቱ ዝም ብሎ አይገባም። የበሩ ደፍ ላይ ይቆማል። ጫማውን አያወልቅም፣ ቦርሳውን አያስቀምጥም። «ጉምሩክ! ዕቃ ደርሷል» ብሎ ይጣራል። ሚስቱ እጇን በጨርቅ እያደራረቀች ከማድቤት ትወጣና ጉንጯን ጉንጩ ላይ ትለጥፋለች። ለሚያይ ሰው ሰላምታ ነው፤ እንዲያውም የሚያስቀና ሰላምታ። እሷ ግን እያሸተተችው ነው። አንዴ ከአፉ፣ አንዴ ከአንገቱ ሥር፣ አንዴ ከኮሌታው። ከዚያ «ግባ» ትለዋለች። ሳትለው አይገባም።

ጉምሩክ የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ራሱ ነው። ስሙ ከቤት ወጥቶ ሰፈር ገባ፣ ከሰፈርም አልፎ ባሏ የሚታከምበት ክሊኒክ ድረስ ተከተላት። ቅር ብሏት አያውቅም፤ ደግሞስ ያለ ነገር መች ወጣላት። አናጺ ሰው ቀኑን ሙሉ በቫርኒሽና በቲነር መሀል ስለሚውል ልብሱ ሁሉ መጠጥ የተደፋበት ይመስላል። ሌላ ሚስት ብትሆን ቫርኒሽ ነው እየተባለች ስንት ዓመት በተሸወደች። ይቺ ግን ላውንደሪ ውስጥ የሰው ልብስ ስትተኩስ የኖረች ናት። ሸሚዝ አንስታ ባለቤቱ ምሳውን ምን እንደበላ ትናገራለች ይሏታል። ከቫርኒሹ ሥር ግማሽ መለኪያ ቢደበቅ እንኳ ታገኘው ነበር።

ፍተሻው የተጀመረው ሐኪሙ ቁርጡን ከነገራቸው በኋላ ነው። አናጺው ያን ጊዜ መጋዙንና መላጊያውን በየተራ ሸጦ ጠጥቶ ጨርሶ ነበር። ለሠርጋቸው በገዛ እጁ የሠራውን ቁም ሣጥን ሳይቀር ሸጦ ጠጥቷል። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ «ጉበትህ ከእንግዲህ አንድ ዙር አይችልም» አለው። ተኝቶ እንዳይታከም በሰው መሣሪያ የያዘው ሥራ የሚቆም ሆነ። ስለዚህ ተመላላሽ ተባለ።

«ተመላላሽ ማለት እኮ» ይል ነበር አናጺው፣ «ሐሙስ ሐሙስ ትድናለህ፣ የቀረውን ቀን ራስህን ቻል ማለት ነው።»

የሐሙሱ ስብሰባ ክሊኒኩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ድሮ የዓይን መመርመሪያ በነበረች ክፍል ውስጥ ነው። ፊደላቱ ወደ ታች እያነሱ የሚሄዱት ሰሌዳ ከግድግዳው አልተነሣም። ሰው ማፈር ሲጀምር ዓይኑን የሚያሳርፍበት ስለሚያገኝ አማካሪዋም ይነሣ አላለችም። አማካሪዋ ገና ወጣት ናት። ዶክተር አይደለሁም እያለች ብትለምናቸውም ዶክተር ከማለት የተመለሰ የለም።

ከወሩ ሐሙሶች በመጨረሻው ቤተሰብ ይጠራል። ከእነዚህ ቀኖች በአንዱ አማካሪዋ «ምን ያዛችሁ? መጠጥ ቤቱን አልፋችሁ ቤታችሁ የምትደርሱት ምን ይዟችሁ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሹፌሩ ልጆቼ አለ። ጡረታ የወጣው መምህር ፍርሃት አለ። አናጺው ሚስቱን በአገጩ እያመለከተ «እኔን የያዘኝ የሷ አፍንጫ ነው» አለ። «ፈጣሪ እንኳ ይቅር ባይ ነው። ይቺ አፍንጫ ግን ይቅር አትልም።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «እውነቴን ነው። መጠጥ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ደፉ ላይ ቆማ ትታየኛለች። እመለሳለሁ። ከዚህ ሌላ ጉልበት የለኝም፤ እሷ ባትኖር ዛሬውኑ እጠጣለሁ።»

ሁሉም ሲስቅ ጉምሩክ አልሳቀችም ነበር። አፍንጫዋ ከሞተ ሰንብቷል።

ጉንፋን ነው ብላ የናቀችው የክረምት በሽታ አልጋ ላይ ጥሏት ሲነሣ ጉልበቷም ድምጿም ተመለሱ፣ ሽታ ግን አልተመለሰም። ያወቀችው ሽንኩርት ሲያርርባት ነው። ጭሱ ዓይኗን እያቃጠላት ምንም አልሸተታትም። ሳሙና አነሣች። ነጭ ሽንኩርት ጨፈለቀች። ጨንቋት የበረኪና ጠርሙስ ከፍታ አፍንጫዋን ደቀነችበት። ዓይኗ አነባ እንጂ አፍንጫዋ እንደ ግድግዳ ዝም አለ።

ለባሏ ልትነግረው ነበር። ዛሬ ይሻለኛል፣ ነገ ይሻለኛል ስትል ያ ሐሙስ መጣና እሱ በሰው ፊት ያን ተናገረ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብላ ትንገረው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ በሽታዋን የደበቀችው የሱ መድኃኒት ስለሆነች ነው።

ስለዚህ ማታ ማታ ደፉ ላይ እየቆመች ባዶ አየር መሳብ ጀመረች። እንዳይነቃባት ብላ ከድሮው ይልቅ አጥብቃ ትስባለች። ከአፉ፣ ከአንገቱ ሥር፣ ከኮሌታው። የአካሄዱን፣ ቁልፉን የሚያስቀምጥበትን፣ የእጁን መንቀጥቀጥ በዓይኗ ትመዝናለች። ከዚያ ግባ ትለዋለች። «ግባ» ስትል ግን ማንን እንዳስገባች አታውቅም።

አንድ ማታ ግን እሱ «ዕቃ ደርሷል» ሳይል መጥቶ ቆመ። እንደ ወትሮው ጉንጯን አስጠግታ ሳበችና «ግባ» አለችው። አልገባም። ጥፊ እንደሚጠብቅ ሰው ፊቱን ወደሷ ሰጥቶ ቆሞ ቀረ።

«ምነው? ግባ እንጂ» አለችው።

«ልግባ?»

«ታዲያ ውጭ ልታድር ነው?»

ገባ። አልጋው ጫፍ ላይ ከነጫማው ተቀምጦ ወለሉን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉምሩክ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። ቀልዱ ጠፋ። ምግብ ይገፋል፣ ምን ሆነሃል ስትለው «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል። ምን እንደሆነ ልቧ ነግሯታል። ልብ ግን ደፍ ላይ ቆሞ አይመሰክርም፤ ጠጥተሃል ብትለውና ባይጠጣስ? በንጹሕ ሰው ላይ አፍንጫዋ ከዋሸ ከዚያ ወዲያ ምኗን ያምናል? ደግሞ አይሸተኝም ብትለውና እስካሁን ያልጠጣ ቢሆንስ? በገዛ እጇ ገፍታ ልትጥለው ነው። በየትም በኩል ብትዞር ገደል ሆነባት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። አንድ ጠዋት ጃኬቱን በፌስታል ቋጥራ ላውንደሪ ወሰደችና አጠገቧ ለምትተኩሰው ባልደረባዋ ሰጠቻት። «እስቲ ይቺን አሽቺልኝ» አለቻት።

ባልደረባዋ ጃኬቱን አስጠጋች፣ ፊቷን አጨማደደች። «ኧረ ቫርኒሽ! አናት ይበጠብጣል።»

«ከቫርኒሹ ሌላስ?»

«ምን ሌላ? ቫርኒሽ ነው የሸተተኝ። ደግሞ አንቺ እያለሽ እኔን መጠየቅሽ ምን ይባላል?» ብላ ሳቀች። ጉምሩክም አብራት ሳቀች። ያችን መልስ ይዛ ስንት ቀን ተጽናናች፤ ሰው ሲጨንቀው በማያውቅ ምስክር ይምላል።

የቤተሰብ ሐሙስ ደረሰ። ሹፌሩ ከእናቱ ጋር፣ መምህሩ ከእህቱ ጋር ተቀምጠዋል። አናጺው ከሚስቱ አንድ ወንበር ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ተራው ሲደርስ አማካሪዋ «እርስዎስ? ሰሞኑን ዝም ብለዋል» አለችው።

«እኔ ከእንግዲህ ባልመጣ ነው የሚሻለው፣ ዶክተር። ወንበሬን ለሌላ ስጡት።»

«ለምን?»

«እሷን ጠይቂያት። ታውቃለች።»

ሁሉም ወደ ጉምሩክ ዞረ። «ምኑን ነው የማውቀው?» አለች እሷ።

አናጺው የፊደሉን ሰሌዳ እያየ ነበር የሚናገረው። «ያን ማታ ጠጥቼ መጣሁ። አፌን እንኳ አልተጉመጠመጥኩም። ሆን ብዬ ነው፤ እንድትይዢኝ። ትጮኻለች፣ ታባርረኛለች፣ ነገ ጎትታ እዚህ ታመጣኛለች ብዬ ነው። ደፉ ላይ ቆምኩ። መጣሽ። አፌን አሸተትሽ፣ አንገቴን አሸተትሽ፣ ከዚያ ግባ አልሽኝ።» «ያኔ ቁርጤን አወቅሁ። ሰልችቷታል፣ በቁሜ ቀብራኛለች አልኩ። የሞተን ሰው ማን ይፈትሻል? ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እጠጣለሁ። በየቀኑ ታሸቺኛለሽ። በየቀኑ ግባ ትይኛለሽ።»

ጉምሩክ ወንበሯን ወደሱ አዞረች።

«አይሸተኝም» አለች።

«ምን?»

«ምንም አይሸተኝም። ከክረምቱ በሽታ ወዲህ ምንም ነገር ሸትቶኝ አያውቅም። በረኪናም አይሸተኝ።»

አናጺው ዓይኑን ከሰሌዳው ነቅሎ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። «እና በየማታው ምን ስታደርጊ ነበር?»

«ስለምንህ ነበር» አለች። «የያዘኝ አፍንጫሽ ነው አልክ፤ በሰው ፊት አልክ። የቱን አፍንጫ ይዤ ልንገርህ?»

እንባዋ መጣ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሲወርድ ተዉት። የሹፌሩ እናት ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቧ መጡና ትከሻዋን ያዙ። «ወይ ልጄ» አሉ፣ «አንዱ አንዱን ሲጠብቅ ቤቱ ተቃጠለ።» አናጺው ግን አላለቀሰም። ፊቱ ላይ ያለው ፍርሃት ነው። «እንግዲህ በሩ ላይ ማንም የለም ማለት ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚነግር። «ማንም አልነበረም።»

አማካሪዋ ምክር አልሰጠችም። ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠችና የአናጺውን ፊት ወደ ብርሃኑ አዞረችው። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ቤታቸው ያለችው አምፖል ሁሉን ቢጫ ስለምታደርግ ጉምሩክ አላየችውም ነበር። ስብሰባው ተቋርጦ ወደ ሐኪሙ ወረዱ።

ሐኪሙ ደሙን አስመርምሮ ውጤቱን ሲያይ አልተቆጣም፤ አለመቆጣቱ ጉምሩክን ይበልጥ አስፈራት። ተኝቶ መታከም ግድ ነው፣ አልጋ ግን የሚለቀቀው ሰኞ ነው አለ። እስከዚያ ሰውነቱ እንዳይንቀጠቀጥና እንዳይወራጭ ማታ ማታ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘና ብልቃጡን ለእሱ ሳይሆን ለእሷ ሰጣት።

«አደራ» አላት። «ከጠጣ እንዳትሰጪው። ወዲያው ይዘሽው ነይ። መጠጡና ኪኒኑ ከተገናኙ ተኝቶ ላይነሣ ይችላል። መጠጣት አለመጠጣቱን ሳታረጋግጪ እንዳትሰጪው።»

አናጺውና ጉምሩክ ተያዩ። ለሐኪሙ ስለ አፍንጫዋ የነገረው ሰው አልነበረም፤ እነሱም አልነገሩትም። ምን ብለው ይንገሩት?

ያን ማታ ከክሊኒኩ ጀምሮ ከጎኗ ስላልተለየ ኪኒኑን ሳትፈራ ሰጠችው። በማግስቱ ሥራ አትሂድ ብትለው አሻፈረኝ አለ። የሰው ቁም ሣጥን በሩ ሳይገጠም ቀርቷል፣ ሳላስረክብ አልተኛም አለ። እሷም ከላውንደሪ አስፈቅዳ ቤት ዋለች። የተተኮሰውን ልብስ ዳግመኛ ተኮሰች፣ ድስቱን ሁሉ አጠበች። ሥራ የሌለው ቀን አልመሽ አላት። ሲመሽ ደግሞ መምሸቱን ጠላችው። ኪኒኑን አውጥታ መዳፏ ላይ ያዘችና ደፉ ላይ ቆመች።

መጣ። እንደ ድሮው ጫማውን ሳያወልቅ ቆመ። እሷ ጉንጯን አላስጠጋችም፤ ምን ያደርግላታል? ዓይኑ እንደሁ በዚያች አምፖል ከድሮም ቢጫ ነው፣ እጁም ጠጣም አልጠጣም ይንቀጠቀጣል። የቀራት የሱ ቃል ብቻ ነው። የጠጪ ቃል ደግሞ ምን እንደሚመስል ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ስንት ጊዜ በእናቱ ነፍስ ምሎላታል። በዚያ ሁሉ ዓመት አንዲትም ቀን ሳትይዘው ጠጥቻለሁ ብሎ አያውቅም፤ ትናንት እንኳ የተናገረው ያወቀችበት መስሎት ነው።

«ንገረኝ» አለችው።

መዳፏ ላይ ያለችውን ኪኒን አየ። አልጠጣሁም ቢል ትሰጠዋለች፣ ይውጣል፣ ይተኛል። ማንም አያውቅበትም። ይህንን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ከንፈሩ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ጉምሩክ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጠጥቻለሁ» አለ። «ቁም ሣጥኑን ካስረከብኩ በኋላ። ትንሽ ነው ልልሽ ነበር። ትንሽ አይደለም።»

የበሩን መቃን ያዘች። ኪኒኗን እንዳትወድቅ ጨምድዳ ጨበጠቻት። ልትጮህበት ፈለገች፣ ልታቅፈው ፈለገች፣ የቱን እንደምታስቀድም አላወቀችም። እሱ ደፉ ላይ እንደቆመ ነው፤ ሳትለው አይገባም።

«ግባና የሌሊት ሹራብህን ውሰድ» አለችው። «ክሊኒክ እንሄዳለን።»