ለዛላው የተቀመጠ ዩሪያ

ታናሽየው እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ መጣ። ከታላቅ ወንድሙ ጋር በሚያርሱት ማሳ ስንዴው ከታችኛው ቅጠሉ ጀምሮ እየገረጣ ነው፤ የጎረቤት ስንዴ ግን አረንጓዴነቱ ዓይን ይወጋል። ያረሰው እሱ፣ ማዳበሪያውን የበተነው ታላቁ። አሁን ግማሹን ዩሪያ ማዳበሪያ በታላቅ ወንድሙ መጋዘን ውስጥ፣ በሸራ ተሸፍኖ አገኘው።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?"

ታላቁ የማረሻ ብሎን እያጠበቀ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየው። "ዩሪያ ነዋ። አታውቀውም?"

"የኔን ድርሻ ልትሸጥብኝ ነው?"

"አንተ ዝም ብለህ እረስ። ማሰቡን ለኔ ተወው።"

እውነቱን ለመናገር የታላቁ ምላስ መርዝ ነበር፤ ይቺን ቃል ታናሹ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲውጣት ኖሯል። የዛሬዋ አልዋጥ አለችው። አካፋውን አንስቶ ሰነዘረ። ታላቁ ዞር ሲል ጠርዙ ፊቱ ላይ አረፈ፤ አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ሰውየው ግን በዋዛ የሚወድቅ አልነበረም፤ ታናሹን አንቆ ከግድግዳው ጋር አላተመው። ተያይዘው የዩሪያው ጆንያ ላይ ወደቁ። ጆንያው ተተረተረ፤ ነጩ ፍሬ ወለሉን ሞላው። ታናሹ ከላይ ሆኖ በጡጫ ወገረው፤ እጁ እስኪዝል፣ ታላቁ መከላከሉን እስኪተው።

"ለዛላው ነው…" አለ ታላቁ በተሰበረ ጥርሱ መሃል። "አምና ሁሉንም አንዴ በተንነው። ጎተራው ሞላ፤ ዱቄት ፋብሪካው ግን ፕሮቲን የለውም ብሎ ስንዴውን መለሰብን። ፍሬው ፕሮቲን እንዲይዝ ግማሹ ዩሪያ ስንዴው ዛላ ሲያወጣ ነው የሚሰጠው… አንተ ደንቆሮ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም!"

የታላቁ ግራ ዓይን የነበረበት ቦታ ደም ብቻ ነበር።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ታናሹ ታላቁን ሐኪም ቤት አድርሶ ተመለሰና ተንበርክኮ ዩሪያውን ለቀመ፤ ደም የነካውንም አልለየም። ዛላው ብቅ ሲል፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ እያለቀሰ ብቻውን በተነው።

ከአጨዳ በኋላ ሁለቱም ፋብሪካው ደጃፍ ቆሙ። የጥራት መርማሪው ፍሬውን በመሣሪያው ለክቶ ፈገግ አለ።

"ዘንድሮስ ፕሮቲኑ ሌላ ነው! ምን ብታደርጉለት ነው?"

ታላቁ በቀረችው ዓይኑ ስንዴውን እንጂ ወንድሙን አላየም። "እሱን ጠይቀው። እኔ ማሰቡን ለእሱ ትቼለታለሁ።"

ታናሹ አንገቱን ደፋ።

"ያሰበው እሱ ነው" አለ። "እኔ ዓይኑን ነው ያጠፋሁት።"