የጋሽ መልከጼዴቅ ጡሩምባ

ጋሽ መልከጼዴቅ ለሰው ሞት የሚሮጡ ሰው ነበሩ። ከፍርድ ቤት ተላላኪነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዲላ ውስጥ የሰፈራቸው እድር ጡሩምባ ነፊ ሆነው፣ ሰው ባረፈ ቁጥር ማለዳ ተነስተው ከአስፋልቱ እስከ ላይኛው የእንሰት ጓሮ ድረስ በየበሩ ይለፍፉ ነበር። ዝናብ አይመልሳቸው፣ ውሻ አያስፈራቸው። አንድ ቤት ሳይሰማ ቀብር ካለፈ እንደ ግል ውርደት ይቆጥሩታል። ሰው ሲመርቁም "ቀባሪ አያሳጣህ" ነው የሚሉት፤ ሌላ ምርቃት የሚያውቁ አይመስሉም።

ልጃቸው ውዳሴ ደግሞ ማሽን ጆሮ እንዲኖረው የምታደርግ ሰው ናት። ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ በተረፋት ጊዜ ለአንድ የግል ክሊኒክ የጥሪ ሳጥን ሠርታለች። በየአልጋው ራስጌ ቁልፍ አለ፤ ሕመምተኛው ሲጫነው ምልክቱ ነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ወዳለው ሳጥን ይሄዳል። ሳጥኑ ሥራ ፈትቶ አይጠብቅም፤ ሰዓት ይቆጥራል፣ የመድኃኒት ማቀዝቀዣውን ሙቀት ይለካል። ምልክት ሲመጣ የያዘውን አስቁሞ "ሰው ጠርቷል" የሚለው ከፕሮግራሙ ሁሉ ሥር የተቀመጠው ከርነል የሚባለው ክፍል ነው። እሱን የጻፈችው ውዳሴ ናት። አባቷ ሳንባቸውን ታመው እዚያው ክሊኒክ የተኙ ዕለት ቁልፉን አሳየቻቸው። "ይሄን ከተጫኑ ሰው ይመጣል" ስትላቸው ኮራ ብላ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጋሽ መልከጼዴቅ ቁልፉን ተጫኑ። የመጣ ሰው የለም። ሽንት ቤት ለመሄድ ብቻቸውን ሲነሱ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ።

ነርሶቹ ሳጥኑ አልጠራም አሉ። ውዳሴ ተቆጣች፤ በሳጥኗ አትደራደርም። ሳጥኑ ጠርቷል፣ ሰው ነው ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው ብላ ተሟገተች። የነርሶቹ ኃላፊ ሲስተር ፀዳለ ወደ ጥግ ወሰደቻት።

"ውዳሴዬ፣ አንዳንዴ እኮ ይዘላል" አለቻት። "ሁለት ሰው ተከታትሎ ሲጠራ አንዱን ይውጠዋል። ደግመው ይጫናሉ ብለን ተውነው።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ብዙ ደክመሽበታል፤ ቅር እንዳይልሽ ብለን።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ክሊኒኩ በሙሉ ሲያወራው የከረመውን ሠሪዋ ብቻ አልሰማችም ነበር።

ሳጥኑን ይዛ ተቀመጠች፤ ጥፋቱንም ከገዛ ትሕትናዋ ውስጥ አገኘችው። ሲስተር ፀዳለ ገና ከጅምሩ "በሽተኛ በአልጋ ቁጥር አይጠራብኝ" ስላለቻት፣ ጥሪ ሲመጣ ከርነሉ ራሱ ደወሉን ደውሎ፣ "አቶ" ወይም "ወይዘሮ" ብሎ፣ ስሙን ከነአያት ስክሪኑ ላይ ፊደል በፊደል እንዲጽፍ አድርጋ ነበር። ያን ሁሉ ሲያደርግ በሩን በሌሎች ጥሪዎች ላይ ይዘጋል። በሩ ተዘግቶ ሳለ የሚመጣ ጥሪ ውጭ ባለ ሰሌዳ ላይ ይቆያል፤ እስከዚህ ደህና። እሷ ግን ሥራው ሲያልቅ ሰሌዳው እንዳለ እንዲጠረግ አዘዘች። በመሃል የመጣ ጥሪ ካለ ከአሮጌው ጋር አብሮ ይጠረጋል። የጎረቤት አልጋዋ ወይዘሮ ውሃ ፈልገው ስማቸው በክብር ሲጻፍ፣ የአባቷ ጥሪ እንዲያ ጠፋ።

ማቃናቱ ቀላል ነበር፤ አንጀቷን ያሳረራትም እሱ ነው። ጥሪ ሲመጣ ማን እንደሆነ አንብብ፣ ያነበብከውን ብቻ አጥፋ፣ ወረፋ አስይዝና በሩን ቶሎ ክፈት። ደወሉም ስሙም ክብሩም በኋላ ይደርሳል። ነርሶቹ ሁሉንም ቁልፍ ባንድ ላይ ተጫኑላት፤ አንድም አልጠፋም።

ከዚያ አባቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አባባ፣ ጥሪዎን የጣለው ሳጥኑ ነው። እኔ የጻፍኩት።"

ጋሽ መልከጼዴቅ ራስጌያቸው ያለውን ቁልፍ በጣታቸው ነካ አደረጉ። "አሁንስ ይሰማል?"

"ይሰማል።"

"እንግዲያው ጥሩ።"

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። እሷ ግን እሱን ነበር የፈለገችው። ሽማግሌው ይልቅ ስለ ጡሩምባቸው አነሱ።

"ወንድሜ ተክለማርያም የሞተ ለት ደረቅ ነው ብለው አሙኝ። መጀመሪያ በየበሩ ዞሬ ለፈፍኩ። ለፋፊ እንባ ካነቀው ስም አይወጣውም። ስጨርስ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "የኔ ለት ላይኛውን ሰፈር እንዳይረሱት። ሰው እስከ ወንዟ ይሄድና ይመለሳል። ከወንዟ ማዶ ገበያነሽ አለች።"

ከዚያ አልጋ አልተነሱም። አንድ ማለዳ፣ እጃቸው በእጇ እንዳለ፣ አረፉ።

እድርተኛው ድንኳን ሊተክል ግቢያቸው ተሰበሰበ። ጡሩምባው ከግድግዳው ምስማር አልወረደም፤ እሳቸው ከታመሙ ወዲህ የተካቸው ሰው የለም።

"በስልክ እናዳርሳለን" አሉ የእድሩ ዳኛ አቶ ከፈለኝ።

ውዳሴ ጡሩምባውን አወረደች።

"ምን ልታደርጊ ነው? ሐዘንተኛ አይለፍፍም፤ ያውም ሴት ልጅ። ነውር ነው።"

"ወይዘሮ ገበያነሽ ስልክ የላቸውም።"

"ሰው እንልካለን።"

"ሰው እስከ ወንዟ ሄዶ ይመለሳል፣ ጋሽ ከፈለኝ።"

አቶ ከፈለኝ ከመንገዷ ገለል አሉ።

ጡሩምባው አልታዘዛትም፤ እናቱ የጠፋችበት ጥጃ ድምፅ ነበር የሚወጣው። ቢሆንም በየበሩ ነፋች። "መልከጼዴቅ አርፈዋል፤ ቀብር ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው" ትልና ታልፋለች። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ሊያቅፏት ሲመጡ "በኋላ እማማ፣ በኋላ" እያለች ወደሚቀጥለው በር ትሄዳለች። ልክ እንደ አባቷ ደረቅ ናት ሲሉ ሰማቻቸው። እንባዋን እየዋጠች ትሄዳለች። አንዴ ጥሪያቸውን ጥላባቸዋለች፤ ሞታቸውን አንድ ቤት ሳይሰማው እንዲቀር ግን አትፈቅድም።

ወንዟ ሞልታ ነበር። መሻገሪያውን ግንድ ይዛ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሶ ተሻገረች። የገበያነሽ ጎጆ እንሰቱ መሃል ብቻዋን ቆማለች፤ በሯ ዝግ ነው። ውዳሴ ያላትን ትንፋሽ ሰብስባ ነፋች።

ከውስጥ የአሮጊት ድምፅ መለሰ፤ ደስታ ነበረበት።

"ጋሼ መልከጼዴቅ! ዳንክ እንዴ? እግዜር ይመስገን። ዛሬ ማነው የሞተው?"

ውዳሴ አፏን ከፈተች። በየበሩ ስትለው የዋለችው ስም አልወጣ አላት። እንደገና ሞከረች።

በሩ ተከፈተ። ገበያነሽ ልጅቷን አየች፣ ጡሩምባውን አየች፣ ደግማ ልጅቷን አየች። ጡሩምባውን ከእጇ ቀስ ብላ ወሰደችው።

"ሰማሁ" አለች። "ሰማሁ፣ ልጄ።"

ያኔ ውዳሴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።